ጠብታውና ቅጠሉ፦ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ማስረጃ ይሆናልን?

የሰው ልጅ ከዕድሜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን በእንቅልፍ ያሳልፋል። ይህን ያህል ሰፊ የሕይወት ክፍል የያዘ ነገር ሲጎድል ሰው መፍትሔ ፍለጋ ቢጣደፍ የሚያስገርም አይደለም። በመሆኑም እንቅልፍ ለራቀው ሰው የሚቀርበው ምክር ዘርፈ ብዙ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከምክሮቹ መካከል ጎልቶ የሚሰማው ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ካናቢዲዮል፣ በአጭሩ ሲ.ቢ.ዲ. የተባለ ውሁድ ነው። በዘይት ተበጥብጦ በትንሽ ጠርሙስ ይቀርባል፤ ከመኝታ በፊት ጥቂት ጠብታ ከምላስ ሥር ይደረጋል። በጠርሙሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ቃል ደግሞ «ተፈጥሯዊ» የሚል ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የእርሻ ሕግ፣ የቲ.ኤች.ሲ. መጠኑ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠውን የካናቢስ ዓይነት ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር አወጣው። ከዚያ ወዲህ ጠብታው በመድኃኒት መደብር ብቻ ሳይሆን በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅና በነዳጅ ማደያ ጭምር ሲሸጥ ይታያል። በዚያው ሀገር የሚኖረው ወገናችንም እንደማንኛውም ሸማች ያገኘዋል፤ ለዘመድ ስጦታ ይዞ መምጣት ደግሞ የቆየ ባህላችን ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል የአንድን ነገር ምንጭ ይነግረናል እንጂ ደኅንነቱንም ሆነ ፈዋሽነቱን አይነግረንም የሚል ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ውጭ ሀገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአንኮበር ቁልቁል ወርደን አሊዩ አምባ መድረስ ይበቃናል።

ስለምን ከአሊዩ አምባ እንነሳለን?

አሊዩ አምባ በሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚንደረደርበት ገደላማ ጠርዝ ላይ የምትገኝ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራና ከሐረር የሚነሱ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ሸዋ የሚገቡት በእርሷ በኩል ነበር። አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ቡና በገበያዋ ይገበያዩ ነበር፤ የሚያሳዝነው የባሪያ ንግድም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን በ2 ቅጽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1844 አሳትሟል። አርጎባውና አማራው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩባት ናት።

የአካባቢው ገበሬ ከሚያመርታቸው ተክሎች አንዱ ጫት ነው። ጫት ደግሞ የእንቅልፍ ጠብታው ግልባጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንዱ እንቅልፍን ያመጣል ተብሎ ሲሸጥ፣ ሌላው እንቅልፍን ያባርራል ተብሎ ይሸጣል። ሁለቱም ከአፈር የበቀሉ ናቸው፤ ሁለቱም ተፈጥሯዊ ናቸው። እንግዲህ ተፈጥሮ በአንድ እጇ የምትሰጠንን በሌላው እጇ የምትነሳን ከሆነ፣ «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ ሌሊታችን ምን ሊነግረን ይችላል? ጥያቄው መሆን ያለበት በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሁድ ምንድን ነው? መጠኑ ስንት ነው? የሚወሰደውስ መቼ ነው? የሚል ነው።

ቅጠሉ በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሥራ

የጫትን ሳይንሳዊ መግለጫ መጀመሪያ ያዘጋጀው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሲሞት፣ ማስታወሻዎቹን የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመለት። ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች የቅጠሉን ኃይል ምንጭ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ደከሙ። ካቲን የተባለውን ውሁድ አገኙ፤ ይሁን እንጂ ካቲን ቃሚው የሚያገኘውን መነቃቃት በሙሉ ሊያብራራ የሚችል ጉልበት አልነበረውም። እንቆቅልሹ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ካቲኖን የተባለውን ውሁድ ከትኩስ ቅጠል በለየ ጊዜ ነው። ቀደምት ተመራማሪዎች ይመረምሩት የነበረው የደረቀ ቅጠል ነበርና ካቲኖን ከእጃቸው አምልጧቸው ነበር። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ውኃ አርከፍክፎ፣ በፍጥነት ገበያ ለማድረስ የሚጣደፈው ለዚሁ ነው። የገበያው ጥበብ ኬሚስትሪውን ቀድሞት ነበር ማለት ነው።

ካቲኖን በቅርጹም በሥራውም ለአምፌታሚን የቀረበ ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክተኛ ኬሚካሎች እንዲበዙ ያደርጋል፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ረኃብና ድካም ይረሳል፤ ሐሳብ ይፈጥናል። ቃሚው «ምርቃና» የሚለው ይህንኑ ነው። በደም ውስጥ ያለው የካቲኖን መጠን በ1 ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ በግማሽ ሲቀንስ፣ ካቲን ግን ለዚያው 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት በሚዘልቅ በርጫ የተቀመጠ ሰው፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ሲል አንጎሉ ገና ቀን ነው ብሎ ቢያስብ ምን ያስገርማል? ከዚህ ላይ ቡና ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ በአንጎል የሚጠራቀመውና የእንቅልፍ ጫና የሚፈጥረው አዴኖሲን ነው፤ ካፌይን የአዴኖሲንን መቀበያ ስለሚዘጋ ድካሙ ሳይወገድ የድካሙ ምልክት ብቻ ይደበቃል።

ኅብረተሰባችን ለዚህ ሁሉ የራሱ ቃላት አሉት። ጫት ያቆመ ወይም ያቋረጠ ሰው በሌሊት የሚጫነውን አስፈሪ ሕልም «ዱካክ» ይለዋል። የእንቅልፍ ሳይንስም ለዚህ ማብራሪያ አለው፦ አነቃቂ ነገሮች ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይጫኑታል፤ አነቃቂው ሲቋረጥ የተጨቆነው ክፍል በብዛትና በኃይል ይመለሳል። ብዙ ሰው ጫት ለመተው ሞክሮ የሚመለሰው ከጫቱ ፍቅር ይልቅ ዱካኩን ፈርቶ ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ይገባል።

ሁለተኛው ቃል «ጨብሲ» ነው። ምርቃናውን ለመስበር፣ እንቅልፍንም ለማምጣት ከጫት በኋላ የሚጠጣው የአልኮል መጠጥ ነው። አልኮል በእርግጥ ፈጥኖ ያስተኛል፤ ነገር ግን ጉበት አልኮሉን እያቃጠለ በሄደ ቁጥር የሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራረጣል። ማለዳ የተነሳው ሰው ስላላረፈ ቀኑን ለመግፋት ተመልሶ ቅጠሉን ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳያዜፓም ይውጣል። እንግዲህ አነቃቂ፣ ከዚያ ማስተኛ፣ ከዚያ እንደገና አነቃቂ የሚል አዙሪት ይፈጠራል። የእንቅልፍ ጠብታው የሚመጣው ወደዚህ አዙሪት ነው።

ችግሩ የጥቂቶች አይደለም። እነ ዶክተር አታላይ ዓለም በቡታጅራ አካባቢ 10,468 አዋቂዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ 55.7 በመቶው በሕይወት ዘመኑ ጫት የቃመ፣ ግማሹም በጥናቱ ወቅት የሚቅም ሆኖ ተገኝቷል። ከቃሚዎቹም 80 በመቶ ያህሉ የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። ይህን ስናነሳ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በጫት ልጁን የሚያስተምር ገበሬ መኖሩን፣ ጫት ከቡና ጋር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ምርት መሆኑንም አንዘነጋም። የምንለው እንቅልፍ ያጣ ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት የጎደለውን ጠብታ ሳይሆን ቀን የጨመረውን ነገር ነው።

ስለ ጠብታው የታወቀው ምንድን ነው?

ካናቢዲዮል አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ኬሚስት ሮጀር አዳምስ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1940 ለየው፤ እስራኤላዊው ራፋኤል ሜሹላም ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ትክክለኛ መዋቅሩን አሳየ። በዓመቱም ሜሹላምና ጋኦኒ የሚያሰክረውን ውሁድ፣ ቲ.ኤች.ሲ.ን፣ በንጹሕ መልኩ ለዩት። ሁለቱ ውሁዶች በአተም ብዛታቸው አንድ ሲሆኑ በአተሞቻቸው አቀማመጥ ይለያያሉ፤ ይህ ትንሽ ልዩነት አንዱን አስካሪ፣ ሌላውን የማያሰክር አድርጎታል።

ሲ.ቢ.ዲ. መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል በሚገባ የተረጋገጠበት መስክ አለ፤ እርሱም አስቸጋሪ የልጅነት የሚጥል በሽታ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ንጹሕ የሲ.ቢ.ዲ. መድኃኒት ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለተባሉ ሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዷል። መጠኑን ግን ልብ እንበል፦ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ብናሰላው ዝቅተኛው 600 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንድ ሰው ከሱቅ በገዛው ጠብታ 25 ሚሊ ግራም ቢወስድ፣ የሚያገኘው የዚህን አንድ ሃያ አራተኛ ብቻ ነው። በዚያ ከፍተኛ መጠን መድኃኒቱ ድብታ፣ ተቅማጥ፣ የጉበት ኢንዛይሞች መጨመር እንደሚያስከትል ታውቋል። ስለዚህ «ይሠራል» የሚለው ማስረጃ የመጣው ከትልቁ መጠን ሲሆን፣ «አይጎዳም» የሚለው መጽናኛ ግን የሚነገረው ስለ ትንሹ መጠን ነው። ሁለቱን አገናኝቶ አንድ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ የሳይንስ አሠራር አይደለም።

ወደ እንቅልፍ ስንመጣ ማስረጃው ሳስቶ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ አንድ የክሊኒክ ዘገባ 72 ጭንቀት ወይም የእንቅልፍ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ፣ በመጀመሪያው ወር 66.7 በመቶዎቹ እንቅልፋቸው እንደተሻሻለ ገልጿል። ሻጮች ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ይሁን እንጂ በዘገባው የእንቅልፉ መሻሻል ከወር ወር ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ ከሁሉም በላይ ማስመሰያ መድኃኒት የተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። እንቅልፍ በተስፋና በእምነት እጅግ የሚነካ ነገር በመሆኑ፣ ማነጻጸሪያ የሌለው የእንቅልፍ ጥናት ሚዛን እንደሌለው ገበያ ነው። ማነጻጸሪያ ያላቸውን ስንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በብራዚል 27 ጤነኛ ሰዎች 300 ሚሊ ግራም ወስደው የእንቅልፋቸው ሂደት በመሣሪያ ሲለካ ከማስመሰያው የተለየ ነገር አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአውስትራሊያ የታተመው ደግሞ 30 እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን ይዞ ለ2 ሳምንት 150 ሚሊ ግራም በየሌሊቱ ሲሰጥ፣ በዋናው መለኪያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ማጣቱ ክብደት፣ ከማስመሰያው ብልጫ አላሳየም፤ በአንዳንድ ተጨማሪ መለኪያዎች ግን መጠነኛ ልዩነት ታይቷል። እነዚህ ትናንሽ ጥናቶች ናቸውና በሩን ለዘለዓለም አይዘጉም፤ በሩ ተከፍቷል ብሎ ለሚሸጥ ሰው ግን ድጋፍ አይሆኑም።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ የሚታመን ነውን? ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲ.ቢ.ዲ. ምርቶችን ገዝተው መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። የተጻፈው መጠንና የተገኘው መጠን የተስማማው በ31 በመቶዎቹ ብቻ ነበር። ከ84ቱም በ18ቱ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል። እንግዲህ «አያሰክርም» ተብሎ የተገዛ ጠብታ አስካሪውን ውሁድ ይዞ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ ስጋት አለ። ሲ.ቢ.ዲ. በጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ሥራ ያዳክማል። ዳያዜፓም በእነዚሁ ኢንዛይሞች ከሚወገዱት መካከል ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪንም እንዲሁ። በሌላ አነጋገር፣ ቀን ጫት ቅሞ፣ ማታ ጨብሲ ጠጥቶ፣ ዳያዜፓም ለሚውጥ ሰው ጠብታው የሚጨመረው በባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። የሦስት ማስተኛዎች ድምር ድብታውን ያከብደዋል፤ የዳያዜፓሙም ዕድሜ በደም ውስጥ ይረዝማል። ማለዳ መኪና የሚያሽከረክር ወይም በገደል መንገድ ጭነት የሚነዳ ሰው ከሆነ ውጤቱን መገመት አያዳግትም።

የአንድ ስም ሁለት ተክሎች

በቋንቋችንም ውስጥ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ወጥመድ አለ። «ዕፀ ፋሪስ» የሚለውን ስም ብዙ ሰው ለካናቢስ ሲጠቀምበት እንሰማለን። በዕፅዋት ጥናት መዛግብት ግን ይኸው ስም የሚሰጠው አስተናግር ለሚባለውም ተክል ነው። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ብርቱ መርዞችን የያዘ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያቃዣል፣ መጠኑ ሲበዛም ይገድላል። «ዕፀ ፋሪስ ለእንቅልፍ ይረዳል» የሚል ወሬ ከከተማ ወደ ገጠር ሲሻገር የትኛውን ተክል ይዞ እንደሚሻገር ማን ያውቃል? ሳይንሳዊ ስያሜ የሊቃውንት ቅንጦት ሳይሆን የሰው ሕይወት መጠበቂያ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ካናቢስ ራሱ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ከጣና ሐይቅ ብዙ በማይርቀው ላሊበላ ዋሻ (ከታወቀችው የላሊበላ ከተማ የተለየ ነው) የተገኙ የሸክላ ጋያ ቁርጥራጮች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን የአንድ ነገር መቆየት የደኅንነቱ ምስክር አይደለም፤ ባሩድም ጥንታዊ ነው።

ኮሶና እንዶድ ያስተማሩን

የሀገራችንን መድኃኒት እንናቃለን የሚል እንዳይኖር፣ ሁለት የራሳችንን ተክሎች እንጥቀስ። የመጀመሪያው ኮሶ ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል በየጊዜው ጠጥተውታል፤ ትሉንም በእርግጥ ያስወጣል። ሆኖም መጠኑ ከበዛ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዓይን ብርሃን ያሳጣቸውና ለሞት የዳረጋቸውም ነበሩ። ኮሶ ተፈጥሯዊም፣ ፈዋሽም፣ አደገኛም ነበር፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። እንደ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ያሉ መድኃኒቶች የተኩት ተፈጥሯዊ ስላልነበረ አይደለም፤ መጠናቸው የታወቀ፣ ጉዳታቸውም ያነሰ ስለሆኑ ነው።

ሁለተኛው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊዎች ናቸው። ዶክተሩ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነውና ወደ ወንዝ ሁሉ ይጣል» አላሉም። ውሁዱን መለየት፣ መጠኑን ማወቅ፣ ለዓሣና ለሌሎች እንስሳት ያለውን መርዛማነት መመርመር፣ ምርጥ ዝርያ መምረጥ አስፈልጓል። ሥራው አሥርተ ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። አንድን ቅጠል ከወሬ ወደ ዕውቀት የሚያሸጋግረው ይህ ጎዳና ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ከአሊዩ አምባ በላይ ባለው የአንኮበር ምድር ይህ ጎዳና ተጀምሯል። እነ ዶክተር ኤርሚያስ ሉለቃል በአንኮበር ወረዳ ሕዝቡ ለሰው በሽታ የሚጠቀምባቸውን 135 የመድኃኒት ዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። መመዝገብ ግን ማረጋገጥ ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው እርከን ነው። ከ135ቱ የቱ ይሠራል? በስንት መጠን? ለማንስ ይጎዳል? የሚለው ለእኛ ለሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረ የቤት ሥራ ነው። ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ጠርሙስ የምናሳየውን ጉጉት ሩቡን እንኳ ለዚህ ብናሳይ መልካም በሆነ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል?

አንባቢ ማወቅ ያለበት ቁም ነገር፣ ካናቢስ በኢትዮጵያ የተከለከለ መሆኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረት፣ መያዝ፣ ማዘዋወርና መጠቀምን በወንጀል ያስቀጣል። በዓለም አቀፍ ደረጃም የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በ27 ድምፅ ለ25 ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው ዝርዝር ቢያወጣውም፣ ከቁጥጥር ውጭ ግን አላደረገውም፤ ሲ.ቢ.ዲ.ን የሚመለከተውንም የለዘብታ ሐሳብ አልተቀበለውም። ቀደም ሲል እንዳየነው ከተመረመሩት ጠርሙሶች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል። ስለሆነም ከውጭ ለእናቱ ወይም ለአባቱ «የእንቅልፍ ዘይት» ይዞ የሚመጣ ልጅ፣ ሳያውቅ ራሱንም ቤተሰቡንም ለከባድ የሕግ ተጠያቂነት ሊያጋልጥ ይችላል። በጎ ሐሳብ በጉምሩክ በር ላይ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲያስ ምን ይደረግ?

አትውሰዱ ብሎ ዝም ማለት ለተጨነቀ ሰው መልስ አይሆንም። ደግነቱ ማስረጃ ያለው መልስ አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የእንቅልፍ ማጣት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት እንዲሰጥ የመከረው ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀውን የሥነ ልቦናና የልማድ ሕክምና ነው። ዘዴው ቀላል መሠረት አለው፦ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መነሣት፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመገላበጥ፤ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር መሥራት፤ የአልጋ ጊዜን በትክክል ከተተኛበት ጊዜ ጋር ማመጣጠን፤ «ዛሬም ካልተኛሁ አበቃልኝ» የሚለውን ፍርሃት መመርመር። ሰው ሠራሽ ጠብታ የለበትም፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሠለጠነ አማካሪና ትዕግሥት ነው።

አካባቢያችንም ያግዘናል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀንና የሌሊት ርዝመት ከወቅት ወቅት ብዙም አይለዋወጥም። ሰዓታችንን እንኳ የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ተነሥተን ነው፤ የአንጎላችን የውስጥ ሰዓትም የሚቃኘው በዚሁ በብርሃንና በጨለማ መፈራረቅ ነው። ማለዳ ፀሐይ መሞቅ ይህን ሰዓት ያስተካክላል፤ በምሽት የስልክ መስኮት ላይ ማፍጠጥ ያዛባዋል። ጫት የሚቅም ሰው ሙሉ በሙሉ መተው ቢያቅተው እንኳ ሰዓቱን ማስቀደምና መጠኑን መቀነስ፣ ከእርሱም በኋላ ቡናን መተው ለሌሊቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ጨብሲን ግን እንደ መድኃኒት መቁጠር ፈጽሞ ይቅር። ዱካክ የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ ማወቅ ያለበት ነገር፣ የሚያየው እርግማን ሳይሆን አንጎሉ የተነፈገውን እንቅልፍ ሲያስመልስ የሚፈጠር፣ እያደርም የሚቀል ነገር መሆኑን ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ከወራት በላይ ከዘለቀ፣ ማንኮራፋትና ትንፋሽ መቆራረጥ ካለበት፣ ወይም ከከባድ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ጋር ከተያያዘ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ግድ ነው።

ከተቋሞቻችንም የምንጠብቀው አለ። የዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦናና የሕክምና ክፍሎች ይህን የልማድ ሕክምና በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አዘጋጅተው ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቢያሠለጥኑ፣ ከማንኛውም ጠብታ የበለጠ ሌሊት ያድናሉ። የሳይንስ ክፍሎች በጫትና በእንቅልፍ መካከል ያለውን ዝምድና በመሣሪያ ለክተው ሊያሳዩን ይገባል፤ ለዚህ እንደ ሀገራችን የሚመች መስክ ብዙ የለም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ስለ ሲ.ቢ.ዲ. ግልጽ ማብራሪያ በሕዝብ ቋንቋ ቢያሠራጭ ብዙዎችን ከወጪም ከክስም ያድናል።

በመጨረሻም፣ ለማንኛውም «ተፈጥሯዊ» ተብሎ ለሚቀርብልን ነገር ሦስት ጥያቄዎችን የማቅረብ ልማድ ይኑረን እንላለን፦ በውስጡ ያለው ውሁድ ምንድን ነው? መጠኑን ማን ለካው? ከማስመሰያ ጋር ተወዳድሮ አሸንፏልን? ለእነዚህ መልስ ያለው ነገር ከአሊዩ አምባ ማሳም ይምጣ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ፣ መድኃኒት ብለን እንቀበለው። መልስ የሌለው ግን፣ ጠርሙሱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቅጠሉም የቱንም ያህል ቢለመልም፣ ገና ጥያቄ ነው። ጥያቄን ደግሞ ሰው ይመረምረዋል እንጂ ከምላሱ ሥር አድርጎ አይተኛም።